ወጥ ጥዶ ሥራ መሄድ፦ ክሮክፖት ለሥራ ቀን እራት

ለእናቴ በስልክ መጀመሪያ የነገርኳት ቀን ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ «ወጥ ጥደሽ ከቤት ወጣሽ?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ።»

«እሳቱን ማን ይጠብቀዋል?»

ማንም አይጠብቀውም። ክሮክፖት፣ በኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ የሚያበስለው ዕቃ፣ የተሠራው ለዚህ ነው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከቤት የምወጣው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ የምገባው ማታ 12 ሰዓት ተኩል። በዚያ ሰዓት ሽንኩርት ከትፎ ማቁላላት የሚችል ሰው ካለ አደንቀዋለሁ፤ እኔ አልችልም። ለረጅም ጊዜ የሥራ ቀን እራታችን ፓስታ፣ ዕንቁላል ፍርፍር፣ ወይ ከእሁድ የተረፈ ወጥ ነበር። የእሁዱ ወጥ ደግሞ ረቡዕ ላይ ያልቃል።

ክሮክፖቱን የገዛሁት በቅናሽ አይቼው ነው። የመጀመሪያ ሙከራዬ ምስር ወጥ ነበር። በድስት እንደለመድኩት ጥሬ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ምስርና ብዙ ውሃ ጨምሬ ሄድኩ። ማታ ክዳኑን ስከፍት ያገኘሁት ሾርባ ነው። ሽንኩርቱ ተቀቅሎ ከላይ ይንሳፈፋል፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይሸታል። ልጄ በእንጀራ ጠቅሶ አየኝና ምንም ሳይል ወደ ቲቪው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ዕቃው አራት ወር ቁም ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

ጥፋቱ የዕቃው አልነበረም። እንደ ድስት ቆጥሬው ነው።

ክሮክፖት ምን ያደርጋል፣ ምን አያደርግም

ውስጡ ወፍራም የሸክላ ማሰሮ አለ። በዙሪያው ያለው ሽቦ ቀስ እያለ ከጎን ያሞቀዋል። የሚወስደው ኃይል ትንሽ ነው፤ ባለ 6 ኳርቱ (አንድ ኳርት አንድ ሊትር ገደማ ነው) ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ዋት ነው። ከታች ነበልባል ስለሌለው ወጡ በቀላሉ አይያዝም። ክዳኑ ደግሞ እንፋሎቱን ይይዝና መልሶ ወጡ ላይ ያንጠባጥበዋል።

የእኛ ወጥ ግን ግማሽ ጣዕሙ የሚመጣው ውሃ ሲተን ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት የምናቁላላው ውሃው እንዲወጣ ነው። በርበሬውን ዘይት ላይ የምናበስለው ጥሬ ሽታው እንዲጠፋ ነው። ክሮክፖት እነዚህን ሁለቱን በአንድ ቀን ሥራ አይሠራላችሁም። የጠነከረ ስጋ ማለስለስ ላይ ግን የሚስተካከለው የለም። ክክ ማብሰል ላይም እንዲሁ። ስለዚህ ቁሌቱን ቀድማችሁ ሥሩ፣ ማለስለሱን ለሱ ተዉለት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ቁልፉ ላይ «ሎው» (ዝቅተኛ) እና «ሃይ» (ከፍተኛ) የሚሉትን ብዙ ሰው ይሳሳታቸዋል። ሁለቱም መጨረሻ ላይ የሚደርሱበት ሙቀት ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ በፍጥነት ነው። ሎው ላይ 8 ሰዓት የሚፈጅ ስጋ ሃይ ላይ 4 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። «ዋርም» የሚለው የበሰለውን ሙቅ አድርጎ ለማቆየት ብቻ ነው። ጥሬ ነገር ዋርም ላይ አይበስልም፤ ይበላሻል።

ስትገዙ ሰዓት የሚሞላለትንና ሲጨርስ ራሱ ወደ ዋርም የሚያልፈውን ግዙ። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ግን ቀኑን ሙሉ ከቤት ለሚርቅ ሰው ያለሱ አይሆንም። ለአራት ሰው ቤተሰብ ባለ 6 ኳርቱ ይበቃል። ለብቻችሁ ከሆናችሁ ባለ 3 ወይም ባለ 4 ኳርት ይሻላችኋል፤ ትልቁ ውስጥ ትንሽ ወጥ ስትጨምሩ ጠርዙ ላይ ያርራል። ልኩ ከግማሽ በላይ፣ ከሦስት እጅ ሁለት እጁ ገደማ ሲሞላ ነው።

ቅዳሜ ማታ፦ የሳምንቱ ቁሌት

እዚህ ጋ ጊዜ እወስዳለሁ፤ ይኼን ከያዛችሁ ሌላው ቀላል ነው።

5 ፓውንድ ቀይ ሽንኩርት ያስፈልጋል፤ 2 ኪሎ ከሩብ አካባቢ ነው። በእጅ መክተፉ ከሰለቻችሁ ማሽን ተጠቀሙ፣ ግን አድቅቃችሁ ጭማቂ አታድርጉት። እንደ ፍርፋሪ ሲሆን አቁሙ። ክሮክፖቱ እስከ አፉ ሊሞላ ይችላል። ሽንኩርት ስለሆነ ችግር የለውም፤ ይሟሽሻል። ግማሽ ኩባያ ዘይት አፍስሱበት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሱና አማስሉት። ሎው ላይ አድርጋችሁ ተኙ።

ከመተኛታችሁ በፊት ግን የመኝታ ቤቱን በር ዝጉ። ካፖርትና ጃኬቱን ሁሉ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገቡ። ሌሊቱን ሙሉ የሚበስል ሽንኩርት ሽታ እንደ በርበሬ አያስነጥስም፣ ግን ልብስ ላይ ይተኛል። ሰኞ ባቡር ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ያውቀዋል። የምድጃው አየር ማስወጫ ሥር ብታስቀምጡትና ብታበሩት ብዙ ይረዳል።

ከ10 ሰዓት በኋላ፣ እሁድ ጠዋት ስትነሡ፣ ሽንኩርቱ በገዛ ውሃው ውስጥ ሲዋኝ ታገኙታላችሁ። ቀለሙ ቀጠን ያለ ሻይ ይመስላል። «ተበላሸ» ብላችሁ እንዳትደነግጡ፣ ውሃውንም እንዳትደፉት። ጣፋጩ እሱ ውስጥ ነው። አሁን ሃይ ላይ አድርጉና የእንጨት ማማሰያ ክዳኑ ሥር ሸጉጡ፤ ክዳኑ ጋደል ብሎ እንፋሎቱ በክፍተቱ ይውጣ። ቤተ ክርስቲያን ደርሳችሁ ስትመለሱ ውሃው ተንኖ ይጠብቃችኋል። ስትወጡ በክፍተት መተዉ ካልተመቻችሁ ሰፊ መጥበሻ ላይ ገልብጡትና ምድጃ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል እያማሰላችሁ አድርቁት። እኔ ሁለተኛውን መርጫለሁ፤ ቀለሙ ከዓይኔ ሥር ሲቀየር ደስ ይለኛል።

ማማሰያውን ታች ጎትታችሁት የተከፈተው መንገድ ወዲያው ካልሞላ ደርሷል። ክሮክፖቱ ውስጥ ያደረቃችሁት ከሆነ ወደ መጥበሻ ገልብጣችሁ ምድጃ ላይ ጣዱት። አሁን ሩብ ኩባያ ዘይት ጨምሩ፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ በርበሬ አክሉ። ምድጃውን ዝቅ አድርጉ። 15 ወይም 20 ደቂቃ እያማሰላችሁ፣ ሊይዝ ሲል ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አብስሉት። በርበሬ አንዴ ካረረ አይመለስም፤ ይመራል። ስለዚህ ይኼን ሰዓት ስልክ አታንሡ። ዘይቱ ቀልቶ ከጠርዙ ወጣ ወጣ ሲል፣ ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩና አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ አውርዱ።

ቅቤ አትጨምሩበት። ይኼ ለእኛ ለጾመኞች ትልቅ ነገር ነው። ቁሌቱ በዘይት ብቻ ከሆነ ረቡዕና ዓርብ ለምስር ይሆናል፣ ሰኞ ለስጋ ይሆናል። ቅቤው ሲበላ ይገባል።

ወደ 4 ኩባያ ገደማ ይወጣዋል። ሲቀዘቅዝ አንድ አንድ ኩባያ እያደረጋችሁ በዚፕ ላስቲክ ሙሉት፣ እንደ ደብተር ጠፍጥፋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ደርድሩት። ጠፍጣፋ ሲሆን ቶሎ ይቀልጣል። ሦስት ወር ያለ ሐሳብ ይቆያል፤ እኛ ቤት ግን ሦስት ሳምንት ደርሶ አያውቅም።

ሰኞ፦ ቀይ ወጥ

ለክሮክፖት የሚሆነው ርካሹና ጠንካራው ስጋ ነው። «ቸክ» የሚሉት የትከሻ ስጋ፣ ወይም ቅልጥም። ለጥብስ የሚሆነውን ለስላሳ ስጋ እዚህ ውስጥ አታባክኑ፤ 8 ሰዓት ሲበስል እንደ ገመድ ይደርቃል። ጠንካራው ግን ውስጡ ያለው ጅማት ቀስ ብሎ ይሟሟና መረቁን ያወፍረዋል።

እሁድ ማታ ሁለት ፓውንድ ተኩል ስጋ በአውራ ጣት መጠን ቆርጣችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ። አንድ ኩባያ ቁሌት ከፍሪዘር አውጥታችሁ ፍሪጁ ውስጥ አብራችሁ አሳድሩ። ሸክላውን ራሱን ከነስጋው ፍሪጅ ውስጥ የሚያሳድሩ አሉ። አልመክርም፤ ሸክላው ራሱ ስለሚቀዘቅዝ ጠዋት እስኪሞቅ ብዙ ሰዓት ይፈጃል።

ጠዋት ሥራው ሦስት ደቂቃ ነው። ቁሌቱ ከታች፣ ስጋው ከላይ፣ ግማሽ ኩባያ የፈላ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። አማስሉ፣ ክደኑ፣ ሎው፣ 8 ሰዓት።

ግማሽ ኩባያ ውሃ ታንስባችኋለች፤ አውቃለሁ። እጃችሁ ወደ ቧንቧው ይሄዳል። አትጨምሩ። ስጋው ራሱ ውሃ ያወጣል፣ የወጣው ደግሞ የትም አይሄድም። ማታ ስትከፍቱ መረቁ ከጨመራችሁት እጥፍ ይሆናል።

ጨው የቀነስኩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ማታ ቀምሳችሁ ታስተካክሉታላችሁ።

ማታ ስትገቡ ጫማ ሳታወልቁ ክዳኑን አንሡና ሃይ ላይ አድርጉት። ልብስ እስክትቀይሩ፣ እንጀራ እስክታሞቁ ድረስ 20 ደቂቃ ክፍት ሆኖ ይተን። አሁንም ከቀጠነ መረቁን በጭልፋ ወደ መጥበሻ ቅዱና ምድጃ ላይ በኃይል አንተክትኩት፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። መጨረሻ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤና ግማሽ የሻይ ማንኪያ መከለሻ። እነዚህን ሁለቱን ጠዋት ከጨመራችኋቸው ሽታቸው ለግድግዳው ነው የሚቀረው። ኮረሪማ 8 ሰዓት ሲበስል ምንም አይተርፈውም።

ረቡዕ፦ ምስር ወጥ፣ በዚህኛው ዙር ሾርባ ያልሆነ

ሁለት ኩባያ ምስር ክክ ውሃው እስኪጠራ ድረስ እጠቡ። አንድ ኩባያ ቁሌት፣ አራት ኩባያ የፈላ ውሃ። ጨው አንድ የሻይ ማንኪያ። ሎው ላይ 5 ሰዓት ይበቃዋል። ዕቃችሁ ሰዓት የሚሞላለት ከሆነ 5 ላይ ሙሉትና ከዚያ በኋላ ዋርም ላይ ይጠብቃችሁ። ካልሆነ ምስሩ 10 ሰዓት ሲበስል ጠርዙ ይደርቃል፣ መሀሉ ገንፎ ይሆናል። ይበላል፣ ግን ለእንግዳ አይቀርብም።

ሰዓት የሌለው ክሮክፖት ያለው ሰው ረቡዕ ላይ ድፍን ምስር ይሥራ። ድፍኑ ልጣጩ ስለሚይዘው 8 ሰዓት ይችላል። ውሃውን ግማሽ ኩባያ ጨመር አድርጉለት።

ማታ በደንብ አማስሉት። ምስር ሲማሰል ይወፍራል፤ ሲከፈት የቀጠነ የመሰለው ብዙውን ጊዜ ከታች ዘቅጦ ነው። ከዚያ ትንሽ መከለሻ፣ ከፈለጋችሁ አንድ ቃሪያ ሰንጥቃችሁ ጣል።

ሐሙስ፦ ጎመን በስጋ

ይኼ ቁሌት አያስፈልገውም፣ የበርበሬ ድካምም የለውም። ሁለት ፓውንድ አጥንት ያለው የጎድን ስጋ ከታች፤ አንድ ትልቅ ሽንኩርት፣ ስድስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፤ ከላይ ሁለት እስር «ኮላርድ» ጎመን ቀጠን አድርጋችሁ ከትፋችሁ። ጎመኑ ክዳኑን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ጫን ጫን አድርጉት። ግማሽ ኩባያ ውሃ። ሎው፣ 8 ሰዓት። ማታ አጥንቱን ስትስቡት ባዶውን ይወጣል። ቅቤና በቀጭኑ የተቆረጠ ቃሪያ ጨምራችሁ አማስሉ፣ አለቀ።

ዓርብ፦ ክክ አልጫ

ሁለት ኩባያ የአተር ክክ ሐሙስ ማታ ዘፍዝፉ። አልጫ ላይ ቁሌቱ ስለሌለ ሽንኩርቱን ጥሬውን እንዳትጨምሩ፤ የኔን የመጀመሪያ ምስር ታገኛላችሁ። አቋራጭ አለው፦ አንድ የተከተፈ ሽንኩርት በሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ለውሳችሁ ማይክሮዌቭ ውስጥ 5 ደቂቃ አብስሉት፣ መሀል ላይ አንዴ አማስሉት። እንደ ድስቱ አይሆንም፣ ግን ጥሬ ሽታው ይጠፋል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምሩና ከክኩ ጋር አስገቡት። የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ደፍታችሁ አራት ኩባያ አዲስ የፈላ ውሃ። ሎው ላይ 8 ሰዓት ይወስዳል። ቲማቲም የምትወዱ ካላችሁ ክኩ ከበሰለ በኋላ ጨምሩ፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ክክም ሆነ ባቄላ አልበስል ብሎ ያስቸግራል።

ዶሮ ወጥስ?

ሁሉም የሚጠይቀኝ ይኼን ነው። ይሠራል። ሁለት ኩባያ ቁሌት፣ ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ጭንና ቅልጥም ስምንት ብልት፣ ሩብ ኩባያ ውሃ፣ ሎው ላይ 5 ሰዓት። ደረቱን አታስገቡ፤ ይደርቃል። ዕንቁላሉን ለብቻ ቀቅላችሁ፣ ጫር ጫር አድርጋችሁ፣ ማታ ከቅቤውና ከመከለሻው ጋር። ለማክሰኞ ማታ ከበቂ በላይ ነው።

ለፋሲካ ግን አላደርገውም። 12 ብልት አውጥቶ፣ ቆሞ፣ እያማሰሉ የሚሠራው ዶሮ ሌላ ነው። አንድ ዓመት ሞክሬ እንግዶቼ «ጥሩ ነው» አሉ። ሐበሻ ዶሮ ወጥ በልቶ «ጥሩ ነው» ካለ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሽሮም፣ ጥብስም፣ ሌላ ማንኛውም ቶሎ የሚደርስ ነገርም እዚህ ዕቃ ውስጥ ምንም ሥራ የለውም። ሽሮ ምድጃ ላይ 20 ደቂቃ ነው፤ ምን አደከማችሁ?

እነዚህ ላይ አልደራደርም

በረዶ የሆነ ስጋ አታስገቡ። ክሮክፖት ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ በረዶው እስኪቀልጥ ስጋው ለብ ብሎ ሰዓታት ያሳልፋል። ባክቴሪያ የሚራባው ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መሀል ነው፤ ከዚያ ክልል ቶሎ ማለፍ አለበት። የፈላ ውሃ ጨምሩ የምለውም ለዚሁ ነው። ዶሮ ሲሆን መሀሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ የስጋ መለኪያዋ ውድ አይደለችም።

ሰዓት ሞልቶ «ከአምስት ሰዓት በኋላ ጀምር» ማለት የሚያስችሉ ሞዴሎች አሉ። ጥሬ ስጋ ውስጡ ካለ ይኼን አትጠቀሙበት። ጀምሮ ይጨርስና ዋርም ላይ ይጠብቅ እንጂ፣ ጥሬውን ሆኖ አይጠብቅ።

ቀይ ቦሎቄ፣ «ኪድኒ ቢን» የሚሉት፣ ጥሬውን ክሮክፖት ውስጥ በፍጹም። ውስጡ ሆድ የሚያናውጥ መርዝ አለው፤ የሚጠፋው በደንብ ሲፈላ ብቻ ነው። ክሮክፖት ሎው ላይ ያን ያህል ላይፈላ ይችላል። ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፋችሁ፣ ውሃውን ደፍታችሁ፣ በአዲስ ውሃ ምድጃ ላይ ግማሽ ሰዓት አፍሉትና ከዚያ አስገቡ። የቆርቆሮው የበሰለ ስለሆነ ችግር የለበትም። ምስርና ክክም ይኼ ጣጣ የለባቸውም።

ክዳኑን እየከፈታችሁ አትዩ። አንዴ ሲከፈት የጠፋውን ሙቀት ለመመለስ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ቤት የዋለ ባል ካላችሁ ይኼን ለሱ ንገሩት።

የተረፈውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡ፣ ጠለቅ ባለ ዕቃ ሳይሆን ሰፋ ባለው። በሚቀጥለው ቀን ምድጃ ወይ ማይክሮዌቭ ላይ አሙቁት፤ ክሮክፖቱ ለማሞቅ በጣም ዘገምተኛ ነው።

አንድ የኔን ጥፋት ልጨምር። አንድ ማክሰኞ ሁሉን አስተካክዬ፣ ክዳኑን ገጥሜ፣ ቁልፉን ሎው ላይ አዙሬ ወጣሁ። ማታ አሳንሰሩ ሲከፈት ኮሪደሩ አልሸተተኝም። ሌላ ቀን የቀይ ወጡ ሽታ ከአሳንሰሩ ጀምሮ ነው የሚቀበለኝ። በሩን ስከፍት ሽቦው ጠረጴዛው ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ሶኬቱ ጋ አልደረሰም። ሁለት ፓውንድ ተኩል ስጋ ከነቁሌቱ ደፋሁ። ከስጋው ይልቅ ለቁሌቱ አዘንኩ። አሁን መጀመሪያ እሰካዋለሁ፣ ቀጥሎ ምግቡን እጨምራለሁ፣ ጫማዬን አስሬ ስጨርስ የውጭ ግድግዳውን በመዳፌ እነካለሁ። ለብ ካላለ አልወጣም።

ሸክላውን ስታጥቡ

ትኩሱን ሸክላ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር አታስገቡ፤ ይሰነጠቃል። ባዶውን ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ሙቅ ውሃና ሳሙና ሞልታችሁ አሳድሩት። የበርበሬው ቅላት ከጠርዙ ካልለቀቀ ቤኪንግ ሶዳ በእርጥብ ጨርቅ አሹት። ክዳኑ ዙሪያ ላስቲክ ካለው ላስቲኩን እያወጣችሁ እጠቡ፤ የሽንኩርት ሽታ እዚያ ነው የሚደበቀው።

ስለ ዕቃው ታሪክ አንድ ነገር ብቻ። ኧርቪንግ ናክሰን የሚባል አሜሪካዊ ይሁዲ ነው መነሻውን የሠራው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። ሐሳቡ የመጣለት እናቱ ስለ ሊትዌኒያ ከነገረችው ነው። እዚያ ሰንበት ሳይገባ ባቄላና ስጋ በማሰሮ አድርገው የዳቦ ጋጋሪው ምድጃ ውስጥ ያሳድሩት ነበር፤ በሰንበት እሳት አይነካማ። ክሮክፖት በሚለው ስም ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ጎንደር የነበሩት ቤተ እስራኤላውያንም ሰንበት ላይ እሳት አያነድዱም፤ ምግባቸውን ዓርብ ያሰናዱ ነበር። እኔ ሥራ ውዬ ነው እንጂ ከጸሎት አይደለም የምመጣው፣ ግን ችግራችን ያው ነው፦ ወጡ ጋ መቆም አይቻልም።

አዲስ አበባ ልላክ ለምትሉ፦ እዚህ የሚሸጠው በ120 ቮልት የሚሠራ ነው። እዚያ 220 ላይ እንዲሁ ከተሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ ለዚያ ሁሉ ከመልፋት እዚያው 220 የሚለውን ፈልጎ መግዛት ይሻላል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ ሰው ቤት በሌለበት ቀን ስጋ አይጣድ። ተመልሳችሁ መብራት ጠፍቶ እንደነበር ካወቃችሁና ስንት ሰዓት እንደቆየ ካላወቃችሁ፣ ምግቡ የበሰለ ቢመስልም ይደፋል።

እማዬን «ልግዛልሽ?» ብያት ነበር። «ከሰል አለኝ» አለችኝ።